ድኩላ ወደሚዘልበት አያይም

ባለፈው ሐምሌ ካራ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ሄጄ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የካራን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተራራው ተንደርድሮ ሲመጣ ጃንጥላ ምንም አይፈይድም። ታክሲ መያዣው ጋ ሳልደርስ ካፖርቴ ውሃ ጠጣ፣ ጉልበቴም እንደ ልማዱ አልታዘዝ አለ፤ ስለዚህ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሳገኝ ዘው ብዬ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጣውላ ይልጋል። ዞር እንኳ ሳይል፣ “ይግቡ፣ በርጩማው ላይ አረፍ ይበሉ። ይኼ ቶሎ የሚያባራ አይደለም” አለኝ። ተቀመጥኩ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በሩ ሥር የተከመረውን ሰጋቱራ ሲያርሰው ሽታው ተነሳ። የእርጥብ ሰጋቱራ ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ሃያ ዓመቴ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቀበና ነበር። ጉርድ ሾላ አሁን እንደምታዩት የፎቅና የታክሲ ጩኸት አልነበረም፤ ስንዴ የሚታጨድበት ሜዳ ነበር፣ ከሰፈራችን ተነስቶ እስከዚያ በእግሩ የሄደ ሰው “አገር ቤት ደርሼ መጣሁ” ይላል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም፣ ስሙኒ በኪሱ የያዘ ጎረምሳ ደግሞ ጓደኛ ይጋብዛል። ፀጉራችንን አጎፍረን የእንጨት ሚዶ እንሰካበታለን፤ ሱሪያችን ከጉልበቱ በታች እየሰፋ ሄዶ መንገዱን ይጠርጋል። ከድልድዩ አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ የካሴት ክር ስለሚያዞር፣ የሰፈሩ ሕፃናት የፍቅር ዘፈን በቃላቸው ይዘው ነው አንደኛ ክፍል የሚገቡት። ሌላም ሌላም ነገር ነበረ በዚያ ዘመን፤ እሱን የሚጽፉ ሌሎች አሉ።

ከቀበና ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ አለፍ ብሎ አንዲት ገላጣ ቦታ ነበረችን። ቦክስ የምንማረው እዚያ ነው። አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ሞልተን ዛፍ ላይ ሰቅለናል፤ በበጋ ለስላሳ ነው፣ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ግን ድንጋይ ይሆንና የጣታችንን ቆዳ ይልጠዋል። ለአሥራ አንድ ሰው ሁለት ጥንድ ጓንት ብቻ ነበረን፣ እሱም በላብ ከመኮምጠጡ የተነሳ ተጋጣሚህን ከመምታትህ በፊት በጠረኑ ታደክመዋለህ። ቁምጣችን ከፉርኖ ዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነው። የእኔው ቁምጣ መቀመጫ ላይ “አንደኛ ደረጃ” የሚል ጽሑፍ ስለነበረ ገና ሳልጀምር ይሳቅብኛል።

አሠልጣኛችን ጋሽ ብርሃኑ የከብት ሐኪም ረዳት ነበሩ። በወጣትነታቸው በወታደር ቤት ቦክስ ተምረው፣ አፍንጫቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ኋላ ከሰው ይልቅ ከበቅሎና ከአህያ ጋር መዋል የተሻላቸው ሰው ናቸው። ትምህርታቸው ከሌላው አሠልጣኝ የተለየ ነበር። “ጡጫማ ሕፃንም ይሰነዝራል፤ የሰው ልጅ የቸገረው አቋቋም ነው። ሰው ሲቆም ያስባል፣ እንስሳ ሲቆም ይቆማል” ይሉን ነበር። ስለዚህ ሕጋቸው ይኸው ነው፤ እንስሳህን ሳታውቅ ጓንት አታጠልቅም። አዲስ የመጣውን ልጅ ውሃ የሞላ ጀሪካን አሸክመው ዳገቱን ሲወጣ ከኋላው ሆነው ያዩታል። ከዚያ አንድ እንስሳ ይሰጡታል። ልጁም እንጦጦ ወጥቶ ያንን እንስሳ ለሁለት ወር ሲመለከት ይከርምና ተመልሶ በእግሩ ያሳያቸዋል። ከሲኒማ የወጣ ጎረምሳ ሁሉ ጣቱን እንደ ጥፍር አጥፎ እንደ እባብ የሚያፏጭበት ጊዜ ስለነበር አንዳንዱ በፊቱ ሊያገሣ ይሞክራል። ጋሽ ብርሃኑ በትዕግሥት ይጠብቁትና፣ “ፊትህን ተወው፤ እግርህን አሳየኝ” ይሉታል።

አንዱ ጅብ ደረሰው፣ አንዱ ቁራ፣ አንዱ ጉሬዛ፣ አንዱ ከቄስ ጓሮ የማይጠፋ አንድ ዓይን ያለው አውራ ዶሮ። እኔ ነብር ነበር የፈለግሁት።

“ነብር አይተህ ታውቃለህ?” አሉኝ ጋሽ ብርሃኑ።

“በፎቶ።”

“ፎቶ አይራመድም። ላንተ አህያ ነው።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ መከራዬን በላሁ። ጅቡ የደረሰው ልጅ ባየኝ ቁጥር “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” ይለኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ያናፉልኛል። ቢሆንም ሄድኩ። ከእንጦጦ እንጨት ጭነው በሚወርዱት አህዮች መንገድ ዳር ተቀምጬ ሰኔንና ሐምሌን ጨረስኩ። መጀመሪያ ሰለቸኝ፣ ቀጥሎ ማየት ጀመርኩ። አህያ በጭቃ ቁልቁለት ላይ አንዱ እግሯ ሳይረግጥላት ሌላውን አታነሳም። ስትመታ ወደ ኋላ አትሸሽም፣ ዝቅ ትላለች። ስትራገጥ ደግሞ ትከሻዋ ላይ ምንም አታይም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚገባህ። በእግሬ ሳሳያቸው ጋሽ ብርሃኑ ራሳቸውን ነቀነቁና ጓንቱን ወረወሩልኝ። ዛሬ እንጦጦ አስፋልት ገብቶለት፣ ወጣቱ በውድ ጫማ ሲሮጥበት፣ ልጄ በመኪና ይዛኝ ትወጣለች፤ እኔ ግን ዓይኔ ከመንገዱ ዳር አይነሳም። አህዮቹ የሉም። ያቺ ዝቅ ማለት ግን እስካሁን ጉልበቴ ውስጥ አለች፤ ደረጃ ስወርድ አውቃታለሁ።

ጓደኛዬ ታደለ ድኩላ ነበር የደረሰው። እሱና እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን፣ አንድ ፓስቲ ለሁለት የምንከፍል ሰዎች ነን። ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ልጅ ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቀበና ድልድይ መደገፊያው ጋ እንገናኛለን፤ ቀድሞ የመጣ ይጠብቃል። ድኩላን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ከዛፎቹ መሀል ቆሞ አየነው ስትሉ የለም። ታደለም እንደዚያው ሆነ። ፊት ለፊትህ ቆሞ አይነቃነቅም፤ ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይቆማል። ስትሰነዝር ግን እሱ ወደ ጎን ዘሎ ጎድንህን መትቶ ጨርሷል። ማናችንም አንድ ቀን እንኳ በደንብ አግኝተን መትተነው አናውቅም። ማየቱ ራሱ ደስ ይል ነበር። እየተመታሁ ደስ የሚለኝ ከእሱ ጋር ስጋጠም ብቻ ነው።

ጋሽ ብርሃኑ አንድ ሌላ ሕግ ነበራቸው። የጓደኛህን እንስሳ ሄደህ አትመለከትም። “የሰው እንስሳ እንደ ሰው ደብዳቤ ነው፤ አይከፈትም” ይሉ ነበር። ማንም ሕጉን አይጥሰውም፣ ለመጣስም ማንም አስቦ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የስፖርት ክፍል አንድ ሰው መጡ። የፋብሪካው የቦክስ ቡድን በእኛ ኪሎ አንድ ልጅ ይፈልጋል፤ የተመረጠው በፋብሪካው ይቀጠራል፣ ቱታም ይሰጠዋል። ቱታ ማለት በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አልችልም፤ ሰማያዊ፣ በጎኑ ነጭ መስመር ያለው፣ ለብሰኸው በሰፈር ስታልፍ እናቶች ከበር ላይ የሚያዩህ ነገር ነው። ሥራው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በእኛ ኪሎ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን፣ ታደለና እኔ። ግጥሚያው ከአምስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚጀምረው። የታደለ ቤተሰቦች ወንጌላውያን ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ስለተዘጋ እሁድ ጠዋት በአንድ ሰው ሳሎን ተሰብስበው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ታደለ ይህን ምሥጢር የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። “እንደ ንብ ነው የምንዘምረው” ብሎኝ ሳቀ፣ ያንን ድምፅ የሌለውን ሳቁን። እንግዲህ እሁድ ጠዋት ታደለ ጫካ እንደማይወጣ በቀበና የሚያውቅ ሰው አንድ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት የታደለን ድኩላ ለማየት ጫካ ወጣሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም የምሄድ መስሏት ነጠላዬን አጥፋ ትሰጠኛለች። ነጩ ነገር ድኩላውን እንዳያስበረግገው ነጠላዬን አጣጥፌ እቀመጥበታለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ድኩላው ጠል እያለ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ይቆማል፤ ጥቁር ቡናማ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ አለው። ጭጋጉ ከዛፎቹ ግንድ መሀል ሲገባና ሲወጣ እሱም ይመጣል፣ ይጠፋል። አንዳንዴ ድኩላውን ነው ጭጋጉን የማየው አላውቅም፤ እንቅልፍም ሕልምም ሳይሆን ሰዓቱ ያልፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ገባኝ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ድኩላው መጀመሪያ ፊቱን ወደ አንድ ጎን ያዞራል፤ ሰውነቱ የሚዘለው ግን በተቃራኒው ነው። ወደሚዘልበት አያይም። ፊቱ ወደ ግራ፣ ዝላዩ ወደ ቀኝ። ሁሌ እንዲህ ነው፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ታደለም ልክ እንደዚያ እንደሚያደርግ፣ አንድም ሰው ልብ እንዳላለው፣ እዚያው ነጠላዬ ላይ ተቀምጬ ትዝ አለኝ።

ግጥሚያው የተደረገው በቀበሌው አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተው፣ ገመድ ወጥረው፣ ሕዝቡ እስከ መስኮቱ ድረስ ሞላ። እውነቱን ልናገር፣ ወደ ገመዱ ስገባ ያየሁትን ላልጠቀምበት ወስኜ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር በአህያዬ ገባሁ፤ ዝቅ ብዬ፣ እግሬን እየተከልኩ። ታደለ ግን ተጫወተብኝ። አንዴ አለ፣ አንዴ የለም፤ ጎድኔን እንደ ከበሮ መታው። ሕዝቡ ማናፋት ጀመረ። አዳራሹ በሙሉ አንድ ትልቅ አህያ ሆኖ ሲያናፋብኝ፣ የፋብሪካው ሰው እንኳ ሲስቁ አየሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ታደለ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ዓይኑን ወደ ቀኜ ጣለ። እኔም ማንም በሌለበት በኩል፣ በግራዬ፣ ያለኝን ኃይል ሁሉ ሰነዘርኩ። ታደለ ዘሎ መጥቶ ጡጫዬ ላይ አረፈ። ሲወድቅ ያየኝን አስተያየት ሕመም መስሎኝ ነበር። እስከ አሥር ሲቆጠር አልተነሳም።

ጋሽ ብርሃኑ እጄን አልጨበጡኝም። ጓንቱን ከእጄ ሲፈቱልኝ ጎንበስ ብለው፣ “አህያህን የት ጥለሃት መጣህ?” አሉኝ በለሆሳስ። እስኪሞቱም ድረስ ደግመው አላነሱብኝም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በድልድዩ በኩል ማለፍ ተውኩ። በላይ በኩል፣ በእሾህ አጥሩ ሥር ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። ከጥቂት ወራት በኋላ ታደለ አናጢ አጎቱ ጋ ክፍለ ሀገር ሄደ ሲባል ሰማሁ፤ እፎይ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እኔ ሦስት ዓመት ቦክስ ተጫውቼ እጄ ሲሰበር ወደ ፋብሪካው መጋዘን ተዛወርኩ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ትዳሬም፣ ልጆቼም፣ ቤቴም የመጡት ከዚያች አንዲት የግራ ጡጫ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ዝናቡ አልቀነሰም። አናጢው ጣውላውን መላግ ትቶ ቆሟል። አቋቋሙ ነው ከሐሳቤ የመለሰኝ፤ እጁም ትከሻውም እንደ ግንድ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረና፣ ሳያይ፣ እጁን በሌላው ጎን ሰዶ መሮውን አነሳ።

“ታደለ” አልኩት።

“ማን ልበል?”

“አህያው ነኝ።”

መሮውን አስቀመጠ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ አየኝ። “ሸብተሃል” አለኝ በመጨረሻ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ መጣና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ካፖርቴ በሙሉ ሰጋቱራ ሆነ። ሦስት ሴቶች ልጆች እንዳሉት፣ ካራ ከመጣ አሥር ዓመት እንዳለፈው፣ ሚስቱ እዚሁ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ መዘምራን እንደምታስተምር ነገረኝ። “አሁን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምንዘምረው፤ እንዲያውም ጎረቤት ይከሰናል” አለና ሳቀ። ሳቁ አሁንም ድምፅ የለውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው ያ ሳቅ ነው።

“ታደለ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከግጥሚያው በፊት ሦስት እሁድ ሄጄ ድኩላህን አይቼዋለሁ። አንተ ስትዘምር።”

ከመላጊያው ላይ ፍቅፋቂውን እፍ አለው። “አራት ነው” አለኝ።

“ምኑ?”

“አራት እሁድ ነው የሄድከው። ጫካ ስወጣ የማገኘው የደን ዘበኛ ይነግረኝ ነበር፣ ‘ያ ጓደኛህ ዛሬም ነጠላው ላይ ተቀምጦ አየሁት’ እያለ።”

አንዷን እሁድ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ራሴን ለማቅለል ረስቻታለሁ ማለት ነው። “ካወቅህ ታዲያ ለምን ወደ ቀኜ አየህ?” አልኩት።

“ወደምዘልበት እያየሁ ለመዝለል ሞክሬ ነበር፣ ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ፊት። እግሬ እምቢ አለኝ። ደግሞም አያደርገውም ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ላይ ስታየኝ፣ ስታውቅ፣ ሳታደርገው ስትቀር ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብታውቅ። በሆዴ እየሳቅሁ ነበር የምዘለው።”

ካፖርቴ ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ በጣቴ መልቀም ጀመርኩ።

“ጡጫውማ ጡጫ ነው፣ ይረሳል” አለ ታደለ። “በማግስቱ ድልድዩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት። መጥቶ ይነግረኛል ብዬ። እንዲህ አደረግሁህ ብትለኝ እኮ ያበቃ ነበር። በማግስቱም ቆምኩ። አንድ ወር ሙሉ ቆምኩ።”

“በላይ በኩል ነበር የምዞረው።”

“አውቃለሁ። ከድልድዩ ላይ ትታየኝ ነበር።”

አለቀስኩ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ የሰው በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ታደለ አላባበለኝም፤ እስክጨርስ ድረስ ጠበቀኝ። ይቅር በለኝ ስለው፣ ይቅር ካለኝ እንደቆየ ነገረኝ። ከዚያ፣ “ልጆችህ ያውቃሉ?” ሲል ጠየቀኝ።

አያውቁም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በዚያች ሰማያዊ ቱታ የተነሳሁት ፎቶ ተሰቅሏል። ልጆቼ አባታቸው አንድ ተጋጣሚ በአንድ ግራ እንዴት እንደጣለ እየሰሙ ነው ያደጉት፤ ለበዓል እንግዳ ሲመጣም እነሱው ያስነሱኛል፣ እኔም ተነስቼ አሳያለሁ። ለታደለ ይህንኑ ነገርኩት።

“እንግዲያው ንገራቸው” አለኝ።

“ምን ብዬ?”

“እንደሆነው።” መላጊያውን አነሳና ወደ ጣውላው ዞረ። “ከዚያ ትመጣለህ፤ ቤቱን አውቀኸዋል።”

በዚያው ዕለት እራት ላይ፣ ስሙን ሳልጠራ “አንድ ጓደኛዬ” እያልኩ ነገርኳቸው። ነጠላውንም፣ አራቱን እሁድም፣ በላይ በኩል የዞርኩበትንም መንገድ አልደበቅሁም። አብሮኝ የሚኖረው ወንዱ ልጄ ቴሌቪዥኑን ዘጋው፤ ሚስቱ ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ፎቶውን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

“እና አባባ፣ ማን ነው ያሸነፈው?”

“ታደለ” አልኳት። ስሙን በቤቴ ውስጥ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።